እንሰቱን የሸጠላት ሰው

አዳነች ችግኝ መሸጫ ነርሰሪ ስትገባ ጋሪ አትይዝም። መጀመሪያ እጇን ኮቷ ኪስ ከትታ፣ ችግኙ በተደረደረበት መካከል ከዳር እስከ ዳር አንዴ ትዞራለች። ሥራዋን የምትጀምረው ሁለተኛው ዙር ላይ ነው። ዓይኗ ያረፈበትን ችግኝ ብድግ ታደርግና ፖቱን አጋድማ ሥሩን ከታች ታያለች። ግንዱን በጥፍሯ ጫር አድርጋ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ መኖሩን ታረጋግጣለች። ቅጠሉን ገልብጣ ተባይ ትፈልጋለች። ከዚያ ስለ ተክሉ የተጻፈበትን ታግ ታነብና አጠገቡ ካለው ተመሳሳይ ችግኝ ታግ ጋር ታስተያያለች። አንዱ ፀሐይ ይወዳል፣ ሌላው ጥላ ይወዳል የሚሉ ከሆነ ሁለቱንም ትታ ትወጣለች። ልጇ ሳሮን በዚህ የተነሳ አብራት መሄድ ካቆመች ቆይታለች።

"ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ፕላንት" ትላታለች።

"ተክል ብቻማ አይደለም" ትመልሳለች አዳነች። "ሻጭ አለው።"

ጥርጣሬው የቆየ ነው። አዲስ አበባ ሳለች አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ የመንግሥት መጋዘን ንብረት ተቆጣጣሪ ሆና ሠርታለች። የገባው ዕቃ ከወጣውና ከቀረው ጋር ካልገጠመ አንድ ሰው ዋሽቷል ማለት ነው። ሌላውንም ነገር ሁሉ የምታየው እንደዚያ ነበር። በዲቪ ሲያትል ከመጣች በኋላ ያገኘችው ሥራም ከዚያ የራቀ አይደለም። ኦበርን ባለ ትልቅ ዌርሃውስ ውስጥ፣ ገዢ የመለሰውን ዕቃ እየከፈተች ሙሉ መሆኑን ታያለች። ሱፐርቫይዘሯ አንድ ቀን "ካንቺ ዓይን የሚያመልጥ የለም" ብሎ አመሰገናት፤ ምን ፈልጎ ነው እያለች ሳምንት ሙሉ ስታስብ ሰነበተች።

ባሏ ከሞተ በኋላ ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ትንሽ ቤት ገዝታ ስትገባ ጓሮው ባዶ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ትልቅ መደብር የጥብስ ቅጠልና የሎሚ ችግኝ አምጥታ ተከለች። ዊንተሩ ሲገባ የጥብስ ቅጠሉ ጠቆረ፣ ሎሚው ቅጠሉን አራግፎ ቀረ። ጎረቤቶቿ ብርዱ ነው አሏት። አዳነች አልተዋጠላትም። ብርዱን እንደማይችል እያወቁ ነው የሚሸጡት፣ እንዲሞትና ተመልሰን እንድንገዛ ነው ብላ ደመደመች። ከዚያ ወዲህ ነው በየነርሰሪው እየዞረች ሥር መግለጥና ግንድ መጫር የጀመረችው።

በፈረንጆቹ 2008፣ ሜይ ወር ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ ከስካይዌይ ወደ ሬንተን በሚወርደው መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት አነስተኛ ነርሰሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባች። አንደኛውን ዙር ሳትጨርስ ከግሪንሃውሱ ጀርባ ቆም አለች። ቁመቱ እስከ ደረቷ የሚደርስ፣ ቅጠሉ ሰፊና ወደ ቀይ ያዘነበለ ተክል ፊቷ ቆሟል። የእናቷ ወገኖች ጉራጌ ናቸው። ልጅ ሆና ለክረምት ወልቂጤ አካባቢ አክስቷ ዘንድ ስትላክ ቤቱን ከብቦት የነበረው ይኸው ነው። እንሰትን አይታ አትስትም። ታጉ ግን "ቀይ የአቢሲኒያ ሙዝ" ይላል።

ታጉን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሙዝ አይደለም። ሙዝ ያልሆነን ነገር ሙዝ ብሎ የሚሸጥ ሰው ሌላም የሚደብቀው አያጣም ብላ ፖቱን አጋደመች።

"እንሰት ነው" አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ፣ በአማርኛ።

ዞር ስትል ስድሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው የውሃ ቱቦ ይዞ ቆሟል። የጎማ ቦት አጥልቋል፣ ኬፑን እስከ ቅንድቡ ደፍቶታል፣ ጺሙ ነጭ ነው። ደረቱ ላይ ያለው ባጅ "ማኒ" ይላል።

"እዚህ ሰዎቹ ለጌጥ ነው የሚተክሉት" አለ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሳ። "ውጭ ከተዉት ውርጩ ያበሰብሰዋል። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ይንቀሉት። ቅጠሉን በሙሉ ይቁረጡ፣ አፈሩን ያራግፉ፣ ግንዱን ዘቅዝቀው ውሃው ይንጠፍጠፍ። ከዚያ በጋዜጣ ጠቅልለው ቤትዎ ጋራዥ ውስጥ ያስተኙት። እስከ ኤፕሪል ጠብታ ውሃ እንዳያሳዩት።"

"ይህን ሁሉ ወር ያለ ውሃ?"

"ይህን ሁሉ ወር።"

"አይሞትም?"

"ውሃ ከሰጡት ነው የሚሞተው፣ ወይዘሪት አዳነች" አለና ቱቦውን እየጎተተ ወደ ግሪንሃውሱ ገባ።

አዳነች እንሰቱን ገዛች። መኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ አጋድማ ቀበቶ አሰረችለት። ቁልፉን ልታዞር ስትል እጇ ቆመ። ስሟን አልነገረችውም። ቅዳሜ ስለሆነ የሥራ ባጅ አላደረገችም። ካርዷንም ያየችው ሒሳብ የተቀበለቻት ካሸር ብቻ ናት፣ ያውም ከዚያ በኋላ። መኪናውን ቆልፋ ተመለሰች። ካሸሯ ማኒ ሺፍቱን ጨርሶ በኋላ በር መውጣቱን ነገረቻት።

በሳምንቱ ሄዳ አገኘችው።

"ስሜን ማን ነገረዎት?" አለችው ከሰላምታ በፊት።

"ቤተ ክርስቲያን ሰምቼ ይሆናል።"

"የትኛው ቤተ ክርስቲያን?"

"ሲያትል ያለ ሀበሻ መቼም ስሙ ይሰማል።"

"የእርስዎ ስምስ? ማኒ ብለው አላወጡልዎትም መቼም።"

"እዚህ ማኒ ይሉኛል" አለና ያልጠማውን ችግኝ ሁሉ ውሃ ማጠጣት ጀመረ።

እሑድ ዕለት ተናኘን ጠየቀቻት። ተናኘ የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ስትሆን የማታውቀው ሀበሻ የለም፤ ማን መቼ እንደመጣ፣ ማን ማንን እንዳገባ ትናገራለች። ነርሰሪ የሚሠራ፣ ጺሙ ነጭ፣ ማኒ የሚባል ሰው ግን አታውቅም። ይህ አዳነችን ይበልጥ አሳሰባት። ሰውየው ከሀበሻ የሚሸሽ ከሆነ ምክንያት አለው፤ የሚሸሽ ሰው ደግሞ እንዴት የሷን ስም ያውቃል? የጓሮውን በር መቆለፍ ጀመረች። ፖስታ ሳጥኗን በቀን ሁለቴ አየች።

"ሰውየው ክሪፒ ከሆነ፣ የሚያስፈራሽ ከሆነ አትሂጂ" አለቻት ሳሮን።

"እሄዳለሁ ብያለሁ?" አለች አዳነች። በየሁለት ሳምንቱ ግን ሄደች። ምንም አትገዛም፤ ከሩቅ ቆማ ታየዋለች። እሱም እንደምታየው ያውቃል፣ ኬፑን ይበልጥ ይደፋል።

ጓሮዋ የተከለችው እንሰት በበኩሉ ይህ ሁሉ የሚመለከተው አይመስልም ነበር። ኦገስት ላይ ከአጥሩ በላይ ሆኖ፣ በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች መኪናቸውን ስሎው እያደረጉ ያዩት ጀመር።

ኦክቶበር ሲያልቅ አዳነች ምን እንደምታደርግ ጨነቃት። ቢከን ሂል አካባቢ ወዳለ ሌላ ነርሰሪ ሄዳ ከየት እንደገዛችው ሳትናገር ጠየቀች። የምታስተናግደዋ ልጅ "ሁሉም ሰው ይጥለዋል፣ ስፕሪንግ ላይ አዲስ ይገዛል" አለቻት። አዳነች በሆዷ፣ አላልኩም ነበር አለች። ሳሮን ደግሞ ጉግል አደረገችላት፤ አንዱ ፖት ውስጥ አድርገሽ ቤት አስገቢው ይላል፣ ሌላው በሳምንት አንዴ ውሃ ስጪው ይላል፣ ሦስተኛው ምንም አትስጪው ይላል። አዳነች ሦስቱም ምን ቢሸጡ ነው ብላ ጠየቀች።

በመጨረሻ ማኒ እንዳላት አደረገች። ውጭ ቢቀር መሞቱ የማይቀር ነውና የምታጣው የለም። ያንን ሰፊ ቅጠል አንድ በአንድ ስትቆርጥ ግን የገዛ ንብረቷን በሰው ምክር የምታጠፋ ያህል ተሰማት። የቀረው እንደ ዝሆን እግር ያለ ጉማጅ ግንድ ነበር። በጋዜጣ ጠቅልላ ጋራዡ ጥግ አስተኛችው።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር በረዶ ወረደ፤ ሲያትል የማትለምደው ዓይነት፣ ሳይቀልጥ በላዩ ላይ የሚደራረብ። አውቶቡሶቹ ቆሙ። አዳነች ቁልቁለቱን በመኪና ወርዳ ኦበርን መድረስ ስላልቻለች ቤት ዋለች። በአራተኛው ቀን ልብስ እየተኮሰች ሳለ አንዲት ቃል ድንገት መጣችባት። ወይዘሪት።

ወይዘሪት ነበር ያላት። ወይዘሮ አይደለም። ከሠርጓ ወዲህ በዚያ ስም የጠራት ሰው የለም፣ እሱም ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ወይዘሪት አዳነች የምትባለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ መጋዘኑ ውስጥ። ካውያውን አቁማ ሰውየውን በሐሳቧ ጺሙን ላጨችው፣ ኬፑን አወለቀችለት፣ ሃያ ምናምን ዓመት ቀነሰችለት።

መንግሥቴ። ጫኙ መንግሥቴ።

በ1978 ዓመተ ምሕረት፣ በቆጠራ ሰባት ካርቶን የልብስ ሳሙና ጎድሎ ተገኘ። ያኔ ሳሙና የሚገኘው በራሽን ነው። አዳነች ሦስት ጊዜ ቆጠረች፤ ሦስቴም ሰባት ጎደለ። የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ተክለ ጻድቅ ቢሯቸው አስጠርተዋት "ማንን ትጠረጥሪያለሽ?" አሏት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብ ሌሎቹ ጫኞች ሲወጡ መንግሥቴ ወደኋላ ሲቀር አይታለች። ስሙን ጻፈች፣ ፈረመች። በማግስቱ ከበር ላይ ወሰዱት። አሥራ አንድ ወር መታሰሩን ሰምታለች፤ ከዚያ ወዲያ አልሰማችም። አቶ ተክለ ጻድቅ በስብሰባ ላይ አመሰገኗት፣ የደረጃ ዕድገት አገኘች።

ካውያውን ነቅላ ጋራዥ ወረደች። ጋዜጣውን ገለጠችው። የግንዱ ልባስ ቡናማ ሆኖ ደርቋል፣ የሆነ ሽታም አለው። ያ ሁሉ ምክር አሁን ሌላ መልክ ያዘባት። ቁረጪው፣ ንቀዪው፣ ውሃ ከልክዪው፣ ጨለማ ውስጥ ጣዪው። እሷ በእሱ ላይ ያደረገችውን ነው በእንሰቱ ላይ ያስደረጋት።

ወጥ ቤት ወጥታ ጆግ ሙሉ ውሃ ይዛ ተመለሰች። ልታፈስ ስትል የንብረት ተቆጣጣሪነት አእምሮዋ ያዛት። እንዲሞትባት ቢፈልግ ዝም ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። ይህ በረዶ ይጨርስለት ነበር። ታዲያ ለምን ተናገረ? ውሃውን አላፈሰሰችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወርዳ ታየዋለች፣ ሳትነካው ትመለሳለች። ነርሰሪውም እስከ ኤፕሪል ድረስ አልሄደችም።

ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ጉማጁን ከነጋዜጣው መኪና ውስጥ ጭና ሄደች። መንግሥቴ ከግሪንሃውሱ ጀርባ የአፈር ከረጢት ይደረድራል። ፊቱ አስቀመጠችለት።

"ይኸው፣ እንዳሉት አድርጌያለሁ" አለች። "ሞቷል።"

መንግሥቴ ተንበረከከና ከኪሱ ቢላ አወጣ። የደረቀውን ልባስ ገፈፈ፤ ከሥሩ ሌላ ደረቅ መጣ። እሱንም ገፈፈ። አዳነች ዓይኗን ከቢላው አልነቀለችም። አራተኛው ላይ ለስላሳና ጠል ያለው፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነጭ ታየ። ቢላውን አጠፈ።

"ደህና ነው" አለ። "ፖት ውስጥ አድርገን ሞቅ ያለ ቦታ ካስቀመጥነው በሦስት ሳምንት ቅጠል ያወጣል።"

"አመሰግናለሁ፣ አቶ መንግሥቴ" አለች አዳነች።

 መንግሥቴ እንደተንበረከከ ኬፑን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

"መቼ ነው ያወቁኝ?"

"በበረዶው ጊዜ። እርስዎስ?"

"እዚህ በገቡ ዕለት። ፖቱን አጋድመው ከታች ሲያዩ። ካርቶኑንም እንደዚያ ነበር የሚያዩት።"

"ለምን ታዲያ አልተናገሩም?"

"ምን ብዬ?"

አዳነች በአራት ወር ውስጥ ሁለት ንግግር አዘጋጅታ ነበር። አልወሰድኩም ካለ ይቅርታ ልትጠይቀው፤ ወስጃለሁ ካለ ሥራዬን ነው የሠራሁት ልትለው።

"የተፈረመው በኔ ነው" አለች።

"አውቃለሁ፣ አሳይተውኛል። ሰባት ካርቶን ይላል።"

"ሰባት ነበር የጎደለው። ሦስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ።"

"ቆጥረው ይሆናል" አለ መንግሥቴ። "እኔ የወሰድኩት አንድ ነው።"

ከሁለቱ ንግግር አንዱም ከዚህ ጋር አልገጠመም። የአፈር ከረጢት ላይ ተቀመጠች።

"ስድስቱስ?"

"እኔን ነው የሚጠይቁኝ? ቁልፍ የነበራችሁ እርስዎና አቶ ተክለ ጻድቅ ናችሁ። እስር ቤት ሆኜ ሳስበው እርስዎ ወስደው በኔ የለጠፉት መሰለኝ። በሱዳን በኩል ስወጣም እንደዚያው ነበር የማስበው።"

"አሁንስ?"

መንግሥቴ ቀና ብሎ አያት። "አሁንም አልፎ አልፎ አስባለሁ።"

"አልወሰድኩም" አለች አዳነች። በሕይወቷ ሙሉ ሰዎች ፊቷ ቆመው ይህን ቃል ሲናገሩ ሰምታለች፣ አንዱንም እንዲሁ አምና አታውቅም። አሁን ከራሷ አፍ ሲወጣ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ሰማችው።

"እሺ" አለ መንግሥቴ፣ ያመነ ሰው ባልሆነ ድምፅ።

"እንሰቱን ለምን አተረፉልኝ ታዲያ?"

"እንሰቱ ምን አደረገ?" አለና ፖት ሊያመጣ ተነሳ።

አዳነች ቤት ገብታ እስኪመሽ ያንን ዘመን ስታገላብጥ ዋለች። መጋዘኑ የሚከፈተው ሁለቱም ቁልፍ ሲገናኝ ስለነበር፣ አቶ ተክለ ጻድቅ ዓርብ ዓርብ የሷንም ቁልፍ "ቅዳሜ የሚመጣ ዕቃ አለ" እያሉ ይቀበሏት ነበር። ቅዳሜ መጣ የተባለውን ዕቃ መዝገብ ላይ አይታ እንደሆነ አሁን አታስታውስም። ያን ያህል ሰው ስትጠረጥር፣ ተጠራጣሪነቷን የሚያመሰግኑትን ሰው አንድም ቀን አልጠረጠረችም። አዲስ አበባ ላለች የድሮ ባልደረባዋ ለውብአየሁ ኮል አደረገች። አቶ ተክለ ጻድቅ ከሞቱ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል አለቻት ውብአየሁ። ጥሩ ሰው ነበሩ፣ ሁለት ቤት ሠርተው ነው የሞቱት አለች። አዳነች ከየት አምጥተው እንደሠሩት ጠየቀቻት። ውብአየሁ "ምነው፣ ምን ተገኘ?" ብላ ወሬውን ለወጠችባት። የዚያን ጊዜ ውብአየሁንም ጠረጠረቻት።

ሜይ ላይ አዳነች ወረቀት ጻፈች። ሳሮን ኮምፒውተር ላይ ላድርግልሽ ብትላት እምቢ ብላ በእጇ ጻፈችው። እንደ ድሮው "ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው እኔ" ብላ ጀምራ፣ ሰባት ካርቶን መጉደሉን እንጂ ማን እንደወሰደው አለማየቷን፣ የመንግሥቴን ስም የጻፈችው ወደኋላ ሲቀር ስላየችው ብቻ መሆኑን፣ ሌላ ቁልፍ የያዘ ሰው እንደነበረ አለመጥቀሷን አሰፈረች። ፈረመችና ነርሰሪው ወሰደችለት።

መንግሥቴ መነጽሩን አድርጎ ቆሞ አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ መለሰላት።

"አንዷን ካርቶን አልጻፏትም።"

"አልጻፍኩም። ለእርስዎ ጥሩ አይደለም ብዬ ነው።"

"ይጻፉት። ያኔም የጎዳኝ ያላዩትን መጻፍዎ ነው። አሁን ደግሞ ለኔ ብለው እንዳይዋሹ።"

አዳነች ካሸሯ ጋ ሄዳ እስክሪብቶ ተዋሰች። በቆመችበት፣ ከፊርማዋ በላይ ባለችው ጠባብ ቦታ፣ "አንድ ካርቶን መውሰዱን ራሱ ነግሮኛል" ብላ ጨመረች። መንግሥቴ ያቺን መስመር ብቻ ደግሞ አነበበና ወረቀቱን በአራት አጥፎ የውስጥ ኪሱ ከተተው።

"ለማን እንደምሰጠው እንጃ" አለ።

"እኔም አላውቅም" አለች።

አንዲት ፈረንጅ ቲማቲም ችግኝ ይዛ መጥታ ጠራችው፤ ሄደ።

ሁለቱ ወዳጅ ሆኑ ማለት አይቻልም። መንግሥቴ ጡረታ እስከወጣበት እስከ ፈረንጆቹ 2014 ድረስ ቤቷ የመጣው አንዴ ብቻ ነው። የጋራዡን እርጥበት ሊያይላት መጥቶ፣ ያቀረበችለትን ሻይ በሩ አጠገብ ቆሞ ጠጥቶ ሄደ። ተናኘ ስለሱ ስትጠይቃት አዳነች "አትክልት የሚሸጥልኝ ሰው ነው" ከማለት በቀር አልጨመረችም። ነገር ግን በየዓመቱ ኦክቶበር ሲያልቅ ስልክ ትደውልለታለች።

"ውርጩ መቼ ይገባል ይላሉ?"

"ረቡዕ ይመስለኛል" ይላታል።

ረቡዕ ካላት ሰኞ ትነቅለዋለች።